የኮሌጅ ቤዝቦል ዋና አሠልጣኝነት ምን ዓይነት የሕይወት መንገድ ነው?

ጥያቄ፦ መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምህር ነኝ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ቤዝቦል ሲጫወት ቆይቶ ዘንድሮ ይመረቃል። ሰሞኑን በስልክ ስንነጋገር፣ በተማረበት የሒሳብ አያያዝ ሙያ ሥራ ከመፈለግ ይልቅ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ በረዳት አሠልጣኝነት ለመጀመር፣ ውሎ አድሮም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ለመሆን መቁረጡን ነገረኝ። እህቴ በሐሳቡ አልተደሰተችም፤ ደምበጫ የምትኖረው እናታችንም ልጁ ይህን ያህል ዓመት ተምሮ ወደ ጨዋታ ተመለሰ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አጎቱ በመሆኔ፣ ሙያዬም ለስፖርት ስለሚቀርብ፣ ቤተሰቡ የእኔን ቃል ይጠብቃል።

እኔ በቅርብ የማውቀው የእግር ኳስ አሠልጣኝነትን ነው፤ በእርሱ ደግሞ ጥቂት ሽንፈት ሲደራረብ አሠልጣኙ እንደሚሰናበት ሁላችንም እናውቃለን። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቤዝቦል ዋና አሠልጣኝ የሚኮነው እንዴት ነው? መንገዱስ ምን ያህል ይረዝማል? ሰውየው በምን ይመዘናል? ትዳር ይዞ ልጅ ለማሳደግ የሚያበቃ ሥራ ነው ወይ? ነገሩን የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ለልጁ የምሰጠው ምክር መሠረት ያለው ይሆንልኛል።

መልስ፦ የቡሬ ልጅ፣ ከኦማሃ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ነው፤ የኮሌጅ ቤዝቦል ብሔራዊ ሻምፒዮና ከእ.ኤ.አ. 1950 ጀምሮ የሚጠናቀቀው በዚህችው ከተማ ስለሆነ ነገሩን በቅርብ እከታተላለሁ። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር እርከን፣ 300 ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ይወዳደራሉ። ጨዋታው በየካቲት ተጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው የውድድር ጊዜ እስከ 56 ጊዜ ይጫወታል፤ ከዚያም 64 ቡድኖች ለማጣሪያ ይመረጡና በሰኔ ወር ስምንቱ ብቻ ኦማሃ ይደርሳሉ። ስለዚህ የእህትዎ ልጅ የሚመኘው ወንበር በመላ አገሪቱ ከ300 ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ሲለቀቅም ለዓመታት በረዳትነት የቆዩ ብዙ ሰዎች ይሻሙበታል።

የመንገዱን ርዝመት በሁለት ሰዎች ታሪክ ላሳይዎት። ስኪፕ በርትማን የጀመረው እንደ እርስዎ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በማያሚ ቢች ልጆችን ለዓመታት ካሠለጠነ በኋላ በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሮን ፍሬዘር ረዳት ሆነ። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 የውድድር ዘመን ነበር፤ እስከ 2001 በቆየባቸው ዓመታትም በ1991፣ በ1993፣ በ1996፣ በ1997 እና በ2000 ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍሉን በሙሉ እንዲመራ ሾመው። ቶኒ ቪቴሎ ደግሞ በሚዙሪ፣ በቴክሳስ ክርስቲያን እና በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲዎች በረዳትነት ወደ 15 ዓመት ገደማ ከሠራ በኋላ ነው በቴነሲ ዋና አሠልጣኝ የሆነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2025 ደግሞ በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ተጫውቶም አሠልጥኖም ሳያውቅ የሳን ፍራንሲስኮ ጃየንትስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ይህ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር።

በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ከዲማ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ እየተዘዋወረ፣ የየኔታ ረዳት ሆኖ ታናናሾቹን ሲያስቀጽል ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ወንበር እንደሚዘረጋ፣ ይህም ሥራ እንደዚያው ነው። ለእናትዎ በዚህ መልክ ቢነግሯቸው ነገሩ የሚገባቸው ይመስለኛል።

ሰው በቴሌቪዥን የሚያየው የሥራውን ጥቂቱን ነው። በብዙ ቡድኖች፣ በተለይም በቀደመው ልማድ፣ ቡድኑ ኳስ የመምታት ተራው ሲደርስ ዋና አሠልጣኙ ራሱ፣ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ መረገጥ ካለባቸው አራት ቤዞች (ማዕዘኖች) በሦስተኛው አጠገብ ይቆማል። ቆቡን፣ ደረቱን፣ ቀበቶውን እየነካካ ለመቺው ምልክት ይሰጣል፤ ከሁለተኛው ቤዝ ተነሥቶ የሚገሠግሠውን ልጅ ክንዱን እያሽከረከረ ወደ መጨረሻው ቤዝ ይሰደዋል፣ ወይም ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ባለበት ያቆመዋል። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚውን ክንድ ጥንካሬ፣ የልጁን ፍጥነት፣ የኳሱን አወዳደቅ አመዛዝኖ መወሰን ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ግን ቀሪውን ዓመት የሚበላው ምልመላ ከፍሬ ሲደርስ የሚታይ ነው። አሠልጣኙ በየአውራጃው እየዞረ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆችን ያያል፣ ወላጆቻቸውን ያነጋግራል፣ የትምህርት ውጤታቸውን ይጠይቃል። ብዙ ደክሞ የመለመለውንም ልጅ ክለቦች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት የሐምሌ ድራፍት አንድ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው ፕሮፌሽናል ሊግ) ክለብ መርጦ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ሊወስድበት ይችላል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅም ቢሆን ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ለድራፍቱ ብቁ ስለሚሆን፣ አሠልጣኙ ቡድኑን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገነባል።

በዚህ ላይ የገንዘብ ክፍፍል አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ በአንደኛው ዲቪዚዮን አንድ የቤዝቦል ቡድን የተፈቀደለት የ11.7 ተማሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ስለነበር፣ አሠልጣኙ ያችን እስከ 27 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ይሸነሽናት ነበር። ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ግማሽ ሰጥቶ የቀረውን ወላጅ እንዲከፍል ማግባባት የእርሱ ፋንታ ነበር። ዛሬ ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈልን የሚፈቅደውን አዲሱን ሥርዓት በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ገደብ ተነሥቶ በ34 ተጫዋቾች ጣሪያ ተተክቷል፤ ይህ ደግሞ ባለጸጋዎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ከሌሎቹ ይበልጥ እንዲርቁ የሚያደርግ ይመስለኛል። የእህትዎ ልጅ በሒሳብ መሠልጠኑ በዚህ ሥራ ላይ አይባክንም።

መልስ፦ የስፖርት ሳይንስ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መምህር፣ ወንድማችን ከኦማሃ የጻፉት የሚያጠግብ ነው። እኔ "በምን ይመዘናል?" ያሉትን ብቻ ላንሣ፤ ምክንያቱም ልጁ ከመጀመሩ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማይክ ማርቲን ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከእ.ኤ.አ. 1980 እስከ 2019 ለ40 የውድድር ዘመናት አሠልጥኖ 2,029 ጨዋታዎችን አሸንፏል፤ በኮሌጅ ቤዝቦል በዚህ ቁጥር የሚበልጠው የለም። ቡድኑን 17 ጊዜ ኦማሃ አድርሷል፤ አንድም ጊዜ ግን ዋንጫውን አላነሣም። በእኛ የእግር ኳስ አስተሳሰብ ቢሆን "ዋንጫ የሌለው" ተብሎ ገና በአሥረኛው ዓመት በተሸኘ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን አርባ ዓመት አቆየው፤ ሜዳውንም ገና በሥራ ላይ ሳለ በስሙ ሰየመለት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሁሉም ዘንድ እንደማይገኝ እረዳለሁ፤ ሆኖም ሥራው ከዋንጫ በላይ በሆነ ነገር ሊመዘን እንደሚችል ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም።

ለእኔ ትልቁ መመዘኛ የወርዋሪዎቹ ክንድ ነው። ቤዝቦል ውስጥ ኳሱን የሚወረውረው ልጅ በእያንዳንዱ ውርወራ በክርኑ ውስጠኛ ጅማት ላይ ከፍተኛ ጫና ያሳርፋል። ጅማቱ ሲበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ ይተካል። ይህን ቀዶ ሕክምና ዶክተር ፍራንክ ጆብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ቶሚ ጆን ለተባለ ወርዋሪ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በተጫዋቹ ስም ይጠራል፤ ከቀዶ ሕክምናው አገግሞ ለመወርወር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። የኮሌጅ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። ዓርብ ዕለት ከመቶ በላይ ኳስ የወረወረ የሃያ ዓመት ልጅ እሑድ "እችላለሁ፣ አስገባኝ" ብሎ ሲለምን፣ ጨዋታው ሊያመልጥ አንድ ነጥብ ሲቀረው፣ ተመልካቹም ሲጮኽ፣ አሠልጣኙ "አይሆንም" ማለት ይኖርበታል። ልጁ እምቢ ሊል አይችልም፤ ወላጁም ሩቅ ነው። የእህትዎን ልጅ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቁት ብፈቅድልዎ፣ በእንዲህ ያለ እሑድ ምን እንደሚያደርግ እንዲጠይቁት እመርጣለሁ።

መልስ፦ እህት፣ ከሜሪላንድ

መምህር፣ ስለ ትዳርና ስለ ኑሮ ለጠየቁት እኔ ልመልስ። እንጀራው ዘግይቶ የሚመጣ ሥራ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ በአንደኛው ዲቪዚዮን በየቡድኑ አንድ "በጎ ፈቃደኛ" የሚባል ረዳት ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ሳይቀበል ይሠራ ነበር፤ የሚኖረውም ክረምት ላይ ለሕፃናት በሚሰጥ ሥልጠና ከሚያገኘው ገንዘብ ነበር። ያ ደንብ አሁን ቀርቷል፤ በአነስተኛ ኮሌጆች ያለው የጀማሪ ክፍያ ግን ዛሬም ቤት የሚያቆም አይደለም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር የለም፤ እድገት ሲመጣም ቤተሰብ ተነቅሎ ወደ ሌላ ግዛት ይሄዳል።

ሮድ ዴዶ የሚባለውን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ወዳጆቹ እንደ አርአያ ይጠቅሱታል። ከእ.ኤ.አ. 1942 እስከ 1986 ሠርቶ 11 ዋንጫ ወስዷል፤ ከእነዚህም አምስቱን በተከታታይ ያገኘው ከ1970 እስከ 1974 ነው። ነገር ግን የጭነት መኪና ድርጅት ስለነበረው በዓመት አንድ ዶላር ብቻ እየተቀበለ እንደሠራ ይነገራል። ልጁ እንዲህ ያለ ድርጅት ከሌለው፣ የሒሳብ ሙያ ፈቃዱን በእጁ ይዞ ቢጀምር እመክራለሁ። በሐሳቡ አልቃወምም፤ እናቱ የምትፈራው ነገር ግን እውነተኛ ነው፤ ሊያቃልለው አይገባም።

ጠያቂው፦ መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የባሕር ዳሩን መምህር ጥያቄ ትናንት ማታ ለልጁ አቀረብኩለት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለ የራሱ ጓደኛ በዚሁ ምክንያት ክርኑ ተጎድቶ መጫወት እንዳቆመ፣ አሠልጣኝ መሆንም ያማረው ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልነገረም። እህቴም ስትሰማ ንግግሯ ለዘብ ብሏል፤ የፈቃዱን ፈተና እንዲወስድ ግን አጥብቃ ትጠይቃለች፤ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ሁለት ኮሌጆች ሥራ አቅርበውለታል፤ በምን ይምረጥ?

መልስ፦ የቡሬ ልጅ፣ ከኦማሃ

መምህር፣ የኮሌጁን ስም ትቶ ዋና አሠልጣኙን ይምረጥ። ባለፉት ዓመታት ከዚያ ሰው ሥር የነበሩት ረዳቶች ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቅ፤ ወደ ተሻለ ሥራ ያለፉ ከሆነ አለቃው ሰው ያሳድጋል ማለት ነው። ቀጥሎም በምልመላው ሥራ ላይ ያሳትፉት እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ መሣሪያ ሲያነሣና ሜዳ ሲያስተካክል ብቻ የሚከርም ረዳት በሦስተኛውም ዓመት ከነበረበት አይነቃነቅም። ሁለቱ በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ፣ ለፈተናው የሚዘጋጅበት ጊዜ የሚሰጠው ይሻላል።