ክርክር፦ የመርከበኛው ምክር የግጥሙ ትርጉም ነው?

መነሻ፦ የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የኮልሪጅ «የጥንቱ መርከበኛ ተረክ» እ.ኤ.አ. በ1798 የወጣ ረጅም ግጥም ነው። መርከበኛው አልባትሮስ የተባለ የባሕር ወፍ ያለምክንያት ይገድላል፤ ብዙ መከራም ያያል። መጨረሻ ላይ ለአንድ የሠርግ እንግዳ «ትልቁንም ትንሹንም ፍጥረት ሁሉ አብልጦ የሚወድ እሱ አብልጦ ይጸልያል» ብሎ ይመክራል። ለተማሪ የግጥሙ ትርጉም ይህ ነው ማለት ልክ ነው?

መምህሩ፦ ልክ ነው። ኃጢአት፣ ቅጣት፣ ንስሐ። በባሕሩ ላይ ያያቸውን እባቦች ሲባርክ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው የሞተችው ወፍ ወደቀች። ኮልሪጅ ራሱ በ1817 እትም ኅዳጉ ላይ ማብራሪያ ጨምሯል፤ ሌሎቹ መርከበኞች የወንጀሉ ተባባሪ መሆናቸውን በግልጽ ጽፏል።

ግጥም ወዳድ፦ በፍጹም! ጥፋታቸው እኮ ጭጋጉ ሲገፈፍ «መግደልህ ልክ ነው» ማለታቸው ነው። ለዚህ 200 ሰው አለቀ፤ ገዳዩ ተረፈ። ዕጣቸውም የወጣው በዳይስ ነው፤ ሞትና «ሕይወት በሞት» የምትባለው ሴት ተጫወቱባቸው። ይህ ፍርድ ነው? ባለቅኔዋ ባርቦልድ ግጥሙ ሞራል ይጎድለዋል ስትለው፣ ኮልሪጅ እንዲያውም በዝቶበታል ብሎ መልሷል።

መምህሩ፦ በዝቶበታል አለ እንጂ የለውም አላለም።

አንባቢዋ፦ ቅርጹን ለምን ትዘሉታላችሁ? አብዛኛው አንጓ አራት መስመር ነው፤ ሁለተኛውና አራተኛው ቤት ይመታሉ። እባቦቹን ሲባርክ ግን አንጓው ስድስት መስመር ይሆናል። «ሳላውቀው ባረክኋቸው» የሚለው መስመርም ሁለቴ ይመጣል። ሳላውቀው! ማንም አልመከረውም፤ አስቦም አልወሰነም። ቀደም ሲል እግር ያላቸው የሚያዳልጡ ነገሮች የሚሳቡበት ብሎ የተጸየፈው ባሕር ነው። አሁን እባቦቹ በጨረቃ ብርሃን ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሆነው ሲያብረቀርቁ ልቡ ተነካ። ምክሩ ግን በተራው አራት መስመር አለፈ። ኮልሪጅ ጉልበቱን የት እንዳፈሰሰ ማየት ነው። እኔ ለተማሪ መጀመሪያ የማነበው እዚያን አንጓ ነው።

መምህሩ፦ ያም ፍቅር ነው፤ ምክሩም ፍቅር ነው።

አንባቢዋ፦ እሺ፣ መርከበኛው አብሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከሠርግ ይጣፍጣል ይላል። ታዲያ እንግዳው ለምን ከሙሽራው በር ብቻውን ተመለሰ?

መምህሩ፦ በማግስቱ ያዘነና ጠቢብ ሰው ሆኖ ተነሣ ይላል። ጠቢብ ከሆነ ተምሯል።

ግጥም ወዳድ፦ የተማረው ያን ምክር ከሆነ፣ ምን አሳዘነው?