ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አርድሞር የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ ይዞልኝ መጣ። ገና ስከፍተው እናቴ የጠላ እንስራ በወይራ ስታጥን ትዝ አለኝ። ሚስቴ "ጎማ ተቃጠለ እንዴ?" ብላ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ወደድኩት። ጭሱ ከየት ገባ?

መልስ፦ ከብቅሉ ነው ወንድሜ። የበቀለውን ገብስ በፒት ጭስ ያደርቁታል። ፒት ረግረግ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተከማቸ የእፅዋት ቅሪት ነው። ቆርጠው ያደርቁትና እንደኛ ኩበት ያነዱታል። አርድሞር እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ሃይላንድ በሚባለው የስኮትላንድ ደጋማ አካባቢ ያለ የውስኪ ፋብሪካ ነው።

ሌላ መልስ፦ ውስኪው ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት ኦክ ከሚባል እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይተኛል። የኛ አረቄ ሰኞ ወጥቶ ማክሰኞ ያልቃል! ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግበት።

ጠያቂ፦ አደረግኩ። ማር ማር አለኝ፣ ከኋላው አመድ። ሚስቴ አሁንም አልቀመሰችም።