ግብር ከከፈልኩ ዘካ ይቀርልኛል?

ሚሊታሪ_ተራ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። መርካቶ ውስጥ የልብስ ሱቅ አለኝ። የከፈልኩት ግብር ከ2.5 በመቶው ዘካ ላይ ይታሰብልኛል? ካልታሰበስ፣ ሰኔ 30 ለግብር ያደረግኩት ቆጠራ ለዘካም ይሆናል?

አቡ_ሚዛን፦
ወዐለይኩም ሰላም። በአብዛኞቹ ዓሊሞች ዘንድ አይታሰብም። ዘካ በሀብት ላይ የተጣለ ዒባዳ (አምልኮ) ነው፣ ኒያ (የልብ ሐሳብ) ይፈልጋል፤ ተቀባዮቹም በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 የተዘረዘሩት ስምንቱ ብቻ ናቸው። በግብር ብር የሚነጠፍ አስፋልት ከስምንቱ ውስጥ የለም። ደግሞ ግብር በመሠረቱ ከትርፍ ነው የሚነሳው፣ ዘካ ከራሱ ከንብረቱ፤ ዓመቱን ከስረህም ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ የሀብት መጠን) ከሞላህ አለብህ። ሐውሉ (የዘካው ዓመት መሙያ ቀን) ሳይደርስ ለግብር የከፈልከው ብር ግን ከእጅህ ስለወጣ ዘካ በሚወጣበት ንብረት ውስጥ አይቆጠርም።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ለግብር ዕቃው የሚያዘው በተገዛበት ዋጋ ነው፤ ለዘካ ግን በዕለቱ በሚሸጥበት። በ600 የገባ ሱሪ ዛሬ 900 ካወጣ 900 ብለህ ጻፍ። መደርደሪያው፣ ልብስ የሚለብሰው አሻንጉሊት፣ የደረሰኝ ማሽኑ አይገቡም።

ቀኑም ይለያያል። የሂጅራ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ሁልጊዜ በሰኔ 30 ልሥራ ካልክ 2.5 ሳይሆን 2.577 በመቶ አውጣ።

ደብተር_ያዥ፦
በሂጅራ ዓመት፣ በ2.5 በመቶ ይዘን በቁጥር እንየው። ዕቃ በመሸጫ ዋጋ 800,000፣ ካሽና ባንክ 150,000፣ ይመለሳል የምትለው ዱቤ 50,000፤ ድምሩ 1,000,000። ከካሹ 20,000 የሰበሰብከው ቫት ከሆነ ያንተ ገንዘብ አይደለም፣ አውጣው፤ 980,000 ቀረ። አሁን የአስመጪው ዕዳ 120,000፣ ያልተከፈለ ግብር 60,000 አለ እንበል። ዕዳ ይቀነሳል ከሚለው ከሐነፊዮች መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ መንገድ) ጋር ከሄድክ 800,000 ይቀራል፣ ዘካው 20,000። በሻፊዒዮች ዘንድ ሚዛን በሚደፋው አቋም ዕዳ ዘካን አያስቀርም፤ 24,500 ታወጣለህ። በየዓመቱ የሚያዋጣህን እየመረጥክ ግን መዝሀብ አትቀያይር።

ሚሊታሪ_ተራ፦
ጀዛኩሙላሁ ኸይረን። ኒሷቡ 85 ግራም ወርቅ ነው ሲባል በስንት ካራት?

አቡ_ሚዛን፦
በ24። ወርቅ ቤት ስትጠይቅ የ21ን ዋጋ ከነገሩህ በ85 አታባዛ፣ በ97 ነው፤ በ18 ካራት ከሆነ በ113። በብር ማዕድን ልለካ ካልክ 595 ግራም ነው፣ ዋጋው ከወርቁ በጣም ያንሳል፤ ድሃውን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ደብተር_ያዥ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ለሚስኪን በእጅህ የሰጠኸውን ዘካ የሱቅ ወጪ ብለህ ደብተር ላይ እንዳታስገባ፤ ደረሰኝ ስለሌለው ኦዲት ሲመጣ ይጣልብሃል። ያለ ደረሰኝ እየሸጡ «እኔ ዘካዬን አወጣለሁ» ማለትም አያስኬድም፤ ዘካው ግብሩን አይከፍልልህም።