«አይ፣ አመሰግናለሁ» ካልኩ በኋላ ለምን ደግመው አይጠይቁኝም?

የጎተንበርግ ሰው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ስዊድን ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ለብዙዎቻችሁ ቀላል ቢመስልም እኔን ግን ለወራት ሲያብሰለስለኝ ቆይቷል። ባለፈው ኅዳር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጻሕፍት መደርደሪያ በመገጣጠም እንዳግዘው ስለጠየቀኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ስንጨርስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ባለቤቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ከእኛ ጋር እራት ትበላለህ?» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባልቀምስም፣ እንዳሳደጉኝ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» ብዬ መለስኩ። እሷም «እሺ» ብላ ተመለሰች። ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቅኩ ጃኬቴን በዝግታ ለበስኩ፤ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላም አንዱን ክር ፈትቼ እንደገና እስከማሰር ደረስኩ። የተጠበሰው ሥጋ ሽታ እስከ በሩ ድረስ ይመጣ ነበር። ባልደረባዬ ግን በሩን ከፍቶ ከልቡ አመስግኖ ሸኘኝ።

ከገና በኋላ ደግሞ እኛ ጋበዝናቸው። ሴትየዋ «ጠገብኩ» ባለች ቁጥር ባለቤቴ «በሞቴ» እያለች ትጨምርላታለች። እኔም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀኝ እንዳለ ተረጎምኩላት፤ የያዘችውን እንጀራ አስቀምጣ ባለቤቴ ታማ እንደሆነ በድንጋጤ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እናንተ በምትኖሩበት አገር «አይ» የሚለው መልስ ስንት ጊዜ ሲባል ነው እውነተኛ «አይ» ሆኖ የሚቆጠረው? እኛስ የትኛውን ልማድ ይዘን የትኛውን እንተው?

ነባር ስደተኛ

ወንድሜ፣ ስቶክሆልም ከኖርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሴትየዋን በንፉግነት አትጠርጥሯት። በዚህ አገር አንድ ጎልማሳ «በልቻለሁ» ካለ በልቷል፤ ደግሞ መጠየቅ ቃሉን እንዳለማመን ወይም እንደማስጨነቅ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ሬዲት በተባለው የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ አንድ ሰው በልጅነቱ ስዊድናዊ ጓደኛው ቤት ሲጫወት የጓደኛው ቤተሰብ እራት እስኪበላ ድረስ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲጠብቅ መደረጉን ጽፎ፣ ነገሩ በመላው ዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ብዙ ስዊድናውያን «እውነት ነው፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነበር» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ልማዱን ያስረዱት ሰዎች የሰጡት ምክንያት የሌላውን ቤተሰብ የእራት ዝግጅት ላለማበላሸት እና በማንም ላይ የውለታ ዕዳ ላለመጫን ነው የሚል ነበር። ለእኔ ምክንያቱ ቢገባኝም ልቤ እስካሁን አልተቀበለውም።

ሆኖም ይሉኝታ የሌላቸው እንዳይመስሉህ። በመሥሪያ ቤትህ የቡና ዕረፍት ላይ ትሪው ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቁራሽ ኬክ ተመልከት። አንዱ በቢላዋ ግማሿን ይወስዳል፣ ቀጣዩ የግማሿን ግማሽ ይቆርሳል፣ ፍርፋሪ እስክትሆን ድረስ ጠቅልሎ የሚያነሳት ሰው አይገኝም። ደግሞም የጋበዘህን ሰው ከቀናት በኋላ ስታገኘው «ታክ ፎር ሴናስት»፣ ማለትም «ስላለፈው ጊዜ አመሰግናለሁ» ማለትን አትርሳ፤ ከረሳኸው የሚነግርህ የለም፤ እነሱ ግን ልብ ይሉታል።

የዶሃዋ

ልጄ፣ ጥያቄህ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ቀጠር በሰው ቤት ተቀጥሬ የደረሰብኝን አስታወሰኝ። እዚያ እንግዳ ሲመጣ አስተናጋጇ ቆማ፣ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጇ፣ ሲኒውን በቀኝ እጇ ይዛ ትቀዳለች። ሲኒው እጀታ የለውም፤ የሚቀዳውም ከሥሩ ጥቂት ብቻ ነው፤ ሞልቶ መስጠት «ጠጥተህ ሂድ» እንደማለት ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ነግረውኝ ነበር፤ ያልነገሩኝ ግን እንግዳው ሲበቃው አፍ አውጥቶ እንደማይናገርና ሲኒውን ሲመልስ ግራና ቀኝ ነቅነቅ እንደሚያደርገው ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ሲኒውን ሲነቀንቁብኝ እጃቸው በእርጅና የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ አዝኜላቸው ቀዳሁላቸው። ደግመው ነቀነቁ፣ ደግሜ ቀዳሁ። በአምስተኛው ላይ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ እመቤቴ መጥታ ሲኒውን ከእጃቸው ተቀበለች።

ይህ የቡና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዖማንና በቀጠር ስም በዩኔስኮ መመዝገቡን በኋላ ሰማሁ። በእኛ ቤት አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ ቁጥሩ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ በረካን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ቤቱን ቅር ያሰኛል። በእነሱ ዘንድ ግን እንግዳው ሲኒውን እስኪነቀንቅ ድረስ ይቀዳለታል። አንተም እንግዲህ የስዊድኖችን ምልክት ማወቅ ነው ያለብህ፤ በአንዴ አትቀየማቸው።

የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪ

ጀርመን አገር ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንድ ኢራናዊ አረጋዊ ሱቅ ነበራቸው። መጀመሪያ ቀን ቴምርና ሻይ ቅጠል ገዝቼ ዋጋውን ስጠይቃቸው በፋርስኛ «ቃቤሊ ናዳሬ» ካሉኝ በኋላ፣ «ለአንተ የሚመጥን አይደለም፣ ዝም ብለህ ውሰደው» ማለት እንደሆነ በጀርመንኛ አስረዱኝ። እጅ ነሥቼ፣ ዕቃዬን ይዤ፣ የአገራችንን ምርቃት ሁሉ እያወረድኩላቸው ወጣሁ። እሳቸውም ምንም አላሉኝም። በኋላ ኢራናዊ የክፍል ጓደኛዬ ፊቱ ቀልቶ ነገሩ «ታሮፍ» የሚባል የትሕትና ወግ እንደሆነ፣ ሻጩ አልቀበልም እያለ ገዢው ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቆ መክፈል እንዳለበት ነገረኝ። በማግሥቱ ሮጬ ከፈልኩ፤ እሳቸው ግን ያን ጊዜም ሁለት ጊዜ እንቢ ካሉ በኋላ ነው የተቀበሉኝ!

እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ግራሃም ሰምነር የዕለት ተዕለት ልማድን ጥብቅ ከሆነው የግብረ ገብ ሕግ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ የመጀመሪያው ሲጣስ ሰው ይገረማል ወይም ይስቃል፣ ሁለተኛው ሲጣስ ግን ይቆጣል። የእርስዎ ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለባልደረባዎ ሚስት እራት ደግሞ አለመጋበዝ ተራ ልማድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የራበውን ሰው ሳያበሉ መሸኘት ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ጭምር ነው። ስለዚህ እሷ ምንም ሳይታወቃት እርስዎ ተጎድተው ወጡ።

ነርሷ

የሁላችሁንም በደስታ አንብቤያለሁ፤ የእኛን «በሞቴ» ግን እንዲህ አታሞግሱት። አዲስ አበባ ውስጥ ስሠራ በየበዓሉ ማግሥት ስኳራቸው ከፍ ብሎ የሚመጡ እናቶችን አይቻለሁ፤ ምን እንደበሉ ሲጠየቁ «እንቢ ብል ይቀየሙኛል ብዬ ነው» ይላሉ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት በእኛ ማዕድ ላይ አይሠራም፤ «አንድ ቀን ምንም አያደርግም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። አንዱን ጉርሻ ከተቀበሉ ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚከበር «አይ» እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ጾመኛ ነኝ» የሚለው ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የቤቱ እመቤት ዶሮውን አንስታ «የጾምም አለ» ብላ ሽሮ ታቀርባለች እንጂ እንግዳዋን እንዲያው አትለቅም። (የክርስቲያን ቤት ልማድ መናገሬ ነው።)

የጎተንበርግ ሰው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተቀብዬ፣ ባለፈው ሳምንት ባልደረባዬ ቤት ስሄድ ገና ሲጠሩኝ «አዎ፣ ደስ ይለኛል» ለማለት ቆርጬ ነበር። ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ያስታወስኩት ሴትየዋ የሥጋ ድቡልቡሉን ከነሳህኑ ስታሳየኝ ነው። አፍሬ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋም ወተትም ቅቤም አልበላም» አልኳት። ጥቂት አሰበችና በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የምጠብቀውን ሁለተኛ ጥያቄ ሰማሁ፦ «ድንችስ ያለ ቅቤ ይሆናል?»

ሦስት ድንች በላሁ።