ኪራይ ጨምሮብኝ ሳላሳውቅ ቀረሁ፤ ያለፈው ይከፈለኛል?

የማሙሽ እናት (ሜይ 10)
እባካችሁ አስቸኳይ ነው። ለንደን ነኝ፣ ቤቱ የሃውሲንግ አሶሴሽን (በአነስተኛ ኪራይ የሚያከራይ ድርጅት) ነው፤ ለኪራዩ መንግሥት ይረዳኛል። ከኤፕሪል 7 ጀምሮ ኪራዩ በሳምንት ከ120 ወደ 123.24 ፓውንድ ገባ። እነሱ ራሳቸው ለመንግሥት የሚያሳውቁ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዛሬ የውዝፍ ደብዳቤ መጣ። ሰኞ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሄጄ ልንገራቸው? ያለፈውስ ይከፈለኛል?

ለገሃር
የምታገኚው ሃውሲንግ ቤኔፊት (ካውንስሉ የሚከፍለው የኪራይ ድጎማ) ነው ወይስ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው፣ ኪራይንም የሚያካትት ድጎማ)? መንገዳቸው ለየቅል ነው። ሃውሲንግ ቤኔፊት ከሆነ ለካውንስሉ በአንድ ወር ውስጥ ይነገራል፤ ካለፈ የሚያስተካክሉት ከነገርሽበት ቀን ጀምሮ ነው።

የማሙሽ እናት
ዩኒቨርሳል ክሬዲት። በየወሩ በ18 ነው የሚገባልኝ።

ብሩክ
አትጨነቂ፣ አከራዩ በራሱ ሲስተም ይልክላቸዋል።

ጋሽ አበራ
ልጄ ብሩክ፣ እንዲህ እየተባለ ነው ሰው ውዝፍ ውስጥ የሚገባው። አከራዩ የሚጠየቀው ተከራዩ ካሳወቀ በኋላ፣ ቁጥሩን እንዲያረጋግጥ ነው። ማሳወቅ የተከራዩ ግዴታ ነው። የእነዚህ ቤቶች ኪራይ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይጨምራል፣ ደብዳቤውም ቀድሞ ይመጣል። የመጣ ዕለት ቀኑን ካላንደር ላይ ማስፈር ነው።

ሳባ
የማሙሽ እናት፣ ካውንስሉን ተዪው፣ ሰኞንም አትጠብቂ። በ18 የሚገባልሽ ከሆነ የሂሳብ ወርሽ ከ12 እስከ 11 ነው፤ ክፍያው ወሩ ካለቀ ከሰባት ቀን በኋላ ይመጣልና። የክፍያ መግለጫሽ ላይ አረጋግጪ። ነገ ማታ ያበቃል ማለት ነው። ዛሬ ካሳወቅሽ ከኤፕሪል 12 ጀምሮ ያለው ሙሉ ይታሰባል፤ ሰኞ ከሆነ ይህም ወር ያመልጥሻል።

ኦንላይን አካውንትሽ ውስጥ ግቢና «ሪፖርት ኤ ቼንጅ»፣ ቀጥሎ «ዌር ዩ ሊቭ ኤንድ ዋት ኢት ኮስትስ» የሚለውን ምረጪ። ኪራዩ የተለወጠበት ቀን ሲጠየቅ ኤፕሪል 7 በዪ፤ የዛሬን ቀን እንዳታስገቢ። ኪራዩንና ሰርቪስ ቻርጁን (ለሕንፃው የጋራ አገልግሎት የሚከፈለውን) ደብዳቤው ላይ እንዳለው ለየብቻ ጻፊ፤ የራስሽ ቤት ውሃና ማሞቂያ አይካተትም። «በሳምንት» ብለሽ 123.24 አስገቢ፣ በ4 እንዳታባዢው። እነሱ በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉታል፦ ከ520 ወደ 534.04 ይመጣል። ከኪራይ ነፃ የሆኑ ሳምንታት ካሉ እነሱንም ጥቀሺ።

ለገሃር
ሳባ ያለችውን አሁኑኑ አድርጊ፣ ቡናው ይደርሳል።

የማሙሽ እናት
ከኤፕሪል 12 በፊት ያለውስ?

ሳባ
ከማርች 12 እስከ ኤፕሪል 11 ላለው ወር 14.04 ፓውንድ ነው። ለውጡ በወሩ ማለቂያ ላይ ቢሆንም፣ በጊዜው ቢነገር ኖሮ ለሙሉው ወር ይታሰብ ነበር። ጆርናሉ (አካውንትሽ ውስጥ መልእክት የምትጽፊበት ገጽ) ላይ ለብቻው «ዘግይቼ ያሳወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ ከለውጡ ቀን ጀምሮ ይታሰብልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ቢበዛ እስከ 13 ወር ድረስ መቀበል ይችላሉ፤ ግን ሕመም፣ ሆስፒታል መተኛት፣ ሐዘን የመሰለ በቂ ምክንያት ይፈልጋሉ። «ሕጉን አላወቅሁም» አይሠራም። ከከለከሉ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ «ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን» (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ) ጠይቂ።

ብሩክ
አከራዩ ካረጋገጠ ያለፈውን አይከፍሉም እንዴ?

ጋሽ አበራ
አይ ልጄ፣ ማረጋገጡ የዘገየውን ቀን ወደ ኋላ አይመልሰውም። የማሙሽ እናት፣ ለአከራዩም ደውዪና ውዝፉን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ልክፈል በዪ፤ የተስማማችሁትን በኢሜይል ያረጋግጡልሽ።

ትዕግሥት
የእኔ የግል አከራይ ነው፣ 90 ፓውንድ ጨመረብኝ። ባሳውቅ ሙሉውን ይሸፍኑታል?

ሳባ
ለግል ቤት በአካባቢውና በሚፈቀድልሽ የመኝታ ክፍል ብዛት የሚወሰን ጣሪያ አለ፤ አሁን ጣሪያው ላይ ከሆንሽ ምንም አይጨምርም። ያም ሆኖ አሳውቂ፤ ከዚያ ለኪራይ ጉድለት የሚሰጥ ተጨማሪ እርዳታ እንዳለ ካውንስሉን ጠይቂ።