የጀርመን ሸፐርድ ክለብ፦ ኮሚቴው ራሱ ውሻ አርቢ ሲሆን መዝገቡን ማን ይያዘው?

ገርጂ_ግቢ

ጤና ይስጥልን። አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመን ሸፐርድ ያለን 23 ሰዎች ክለብ ልናቋቁም ተነስተናል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ 7 ሰው በፈቃደኝነት ኮሚቴ ሆኖ ተመርጧል። ከሰባቱ አራቱ ያራባሉ። ሰብሳቢያችን ብዙ ሰው የሚፈልገው ወንድ ውሻ አላቸው፤ ቡችላ ፈላጊም የሚደውለው ለእሳቸው ነው። አብዛኞቹ ውሾች የዘር ወረቀት የላቸውም። ወረቀት ያላቸውም ቢሆኑ ወረቀቱ የዚያው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ የለም።

መዝገቡን ከምን እንጀምር? የኮሚቴ አባል የራሱ ውሻ ጉዳይ ሲመጣ ምን ይደረግ? አባላት ውሻ ይዘው ሲሰበሰቡስ ምን ይበላሻል? «ተከባብራችሁ ሥሩ» የሚለው ምክር ደርሶናል፤ የቸገረን አሠራሩ ነው።

ሽቱትጋርት_ማዶ

ጥያቄያችሁ ከዝርያው ጋር እኩያ ነው። የጀርመን ሸፐርድ ማኅበር በካርልስሩኸ ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1899 ሲሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ ነበር። መዝገቡ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ የገባው ሆራንድ ፎን ግራፍራት የማን ውሻ ይመስላችኋል? የፕሬዚዳንቱ! ቀድሞ ሄክቶር ሊንክስራይን ይባል የነበረውን ውሻ ገዝቶ ስሙን የለወጠው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ አርቢው ሁሉ ወደዚያ ደም ተመላለሰ። የሆራንድ ልጅ ሄክቶር ፎን ሽቫበን በአባት ከምትገናኘው እህቱ ጋር ተዳቅሎ ነው ቤዎቮልፍና ፒሎት የተወለዱት። በ1925 ደግሞ ሽቴፋኒትስ ዳኛ ሆኖ ክሎዶ ፎን ቦክስበርግን አሸናፊ አደረገ፤ ውሾቹ ቁመታቸው እየረዘመ ስለሄደ ዝቅና ረዘም ያለ ቁመና ፈልጎ ነበር። በአንድ ሰው ምርጫ የዝርያው መልክ ተቀየረ። ሰውየው ክፉ ስለነበር አይደለም፤ የሰብሳቢ ውሻ ሁሌም ከሌላው ይበልጥ ይፈለጋል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ የመዝገብ ቁጥር በዕጣ ስጡ። «001» የሰብሳቢው ውሻ ከሆነ ገበያው ቁጥሩን እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል።

መዝገቡን በሁለት ክፍል ክፈቱ። ክፍል «ሀ» የሦስት ትውልድ ወረቀት ላላቸው፣ ያውም ወረቀቱ ላይ ያለው የቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ቁጥር ከውሻው ላይ ከሚነበበው ጋር ሲገጥም ብቻ። ቁጥሩ ካልገጠመ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያምር ውሻው ወደ «ለ» ይሂድ። ክፍል «ለ» ወረቀት ለሌላቸው ነው፤ ከእነሱ የሚወለዱት ሦስት ሙሉ ትውልድ ሲመዘገብላቸው ወደ «ሀ» ይሻገራሉ። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን፣ ኤፍ ሲ አይ፣ የሚጠይቀውም ሦስት ትውልድ ነው። እሱ ግን ከአንድ አገር የሚቀበለው አንድ ብሔራዊ አካል ስለሆነ የአንድ ዝርያ ክለብ በቀጥታ አባል አይሆንም። «ዓለም አቀፍ ወረቀት ያለው» ብሎ ቡችላ የሚሸጥ አባል ካለ ገና ከአሁኑ አስቁሙት።

ወደ «ለ» የሚገባ ውሻ 15 ወር ይሙላውና ሦስት መዛኞች ይዩት። በዝርያው ደረጃ መሠረት ወንድ ከመሬት እስከ ትከሻ ጫፍ ከ60 እስከ 65 ሴ.ሜ፣ ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው፤ ሴት ከ55 እስከ 60 ሴ.ሜ፣ ከ22 እስከ 32 ኪሎ። የሰውነት ርዝመት ከቁመት ከ10 እስከ 17 በመቶ ይበልጣል። 42 ጥርስ፣ የላይኛው የታችኛውን እንደ መቀስ የሚሸፍን። ጆሮ የቆመ። የወንዱ ሁለቱም ቆለጦች የወረዱ። ነጭ ቀለም በዚህ ደረጃ አይፈቀድም። በልብስ ሰፊ ሜትር አትለኩ፤ ሜትሩ የጡንቻውንና የጸጉሩን ቅስት ተከትሎ ቁመት ይጨምራል። ቀጥ ያለ ዘንግና በላዩ የሚንሸራተት አግዳሚ እንጨት ይበቃል፤ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ውሻው የሚቆመውም ሲሚንቶ ላይ ነው እንጂ ሣር ላይ አይደለም።

የዝምድናው ሒሳብ ከዚህ ይጀምራል፦ አባት ከልጁ፣ ወይም ሙሉ ወንድምና እህት ከተዳቀሉ የቡችላው የውስጥ ዝምድና 25 በመቶ ነው። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ከሆነ 12.5፣ የአጎት ልጆች ከሆኑ 6.25። ከ6.25 በላይ የሆነውን አትመዝግቡ። ለ23 ሰው ክለብ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከአንድ ወንድ ከሁለት ወሊድ በላይ አይመዝገብ። ይህን ካልገደባችሁ በአራት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ያለው ቡችላ ግማሹ የሰብሳቢያችሁ ውሻ የልጅ ልጅ ይሆንና የሚዳቀል ታጣላችሁ።

ቢሾፍቱ_ቬት

ከላይ የተባለው ሁሉ ቺፕ ከሌለ ዋጋ የለውም። ባለ 15 አሃዝ፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚነበበውን ግዙ። ርካሽ ማንበቢያ አንዳንዱ በ125 ብቻ ይሠራል፤ ቺፑ እያለ «የለም» ይላችኋል፣ ጭቅጭቁ ከዚያ ይጀምራል። ቺፑ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር ይገባል፣ ከመከተቡ በፊትና በኋላ ይነበባል። አንዳንዴ ወደ ክንድ ወይም ወደ ደረት ስለሚንሸራተት ማንበቢያውን ቀስ ብሎ ከአንገት እስከ ክርን በሁለቱም ጎን ማዞር ነው። ቡችላ ከእናቱ ሳይለይ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይደረግለት። አንዴ ለገዢው ከተሰጠ በኋላ የተደረገ ቺፕ የእናቱን ማንነት አያረጋግጥም።

የወሊድ ጉብኝት ሁለት ጊዜ ይሁን፣ በመጀመሪያው ሳምንትና በስምንተኛው። የሚጎበኙት ሁለት ሰዎች ከአርቢው ጋር የሥጋ ዝምድናም የቡችላ ንግድም የሌላቸው ይሁኑ። የተዳቀሉበት ቀን፣ የተወለዱበት ቀን፣ ስንት ተወለደ፣ ስንት ሞተ፣ ጾታ፣ ቀለም ይጻፍ። እርግዝናው ወደ 63 ቀን ገደማ ነው፤ ከተዳቀለችበት ቀን ከ58 እስከ 68 ካለው ወጣ ካለ አባትየው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ሴቷ ወንድ በምትፈልግበት አንድ ወቅት ከሁለት ወንድ ተዳቅላ ከሁለቱም መውለድ ትችላለች። አጥር የሚዘልል የጎረቤት ውሻ ባለበት ሰፈር ይህ ተረት አይደለም። ደም ካየችበት ቀን አንስቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ መዘጋት አለባት። ብዙ ሰው ደሙ ሲቀንስ ይለቃታል፤ ብዙውን ጊዜ የምትጸንሰው ግን ያኔ፣ ከ9ኛው ቀን ወዲህ ነው።

የዳሌ ራጅ (መገጣጠሚያው የላላ መሆን አለመሆኑን ለማየት) 12 ወር ሲሞላ። ውሻው በማስተኛ መድኃኒት በጀርባው ይጋደማል፣ የኋላ እግሮች ቀጥ ብለው እኩል ይዘረጋሉ፣ ጉልበቶቹ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ዳሌው ወደ ጎን አያጋድልም። ዳሌው ካጋደለ ደህና የሆነው መገጣጠሚያ የታመመ ይመስላል፣ የታመመው ደግሞ ደህና። የቺፕ ቁጥሩና ቀኑ ራጁ ሲነሣ አብሮ ይታተም፤ በኋላ በብዕር የተጻፈ አይቆጠርም። ደረጃው ከኤ (ደህና) እስከ ኢ (ክፉኛ የታመመ) ነው። ኤ እና ቢ ይዳቀሉ፣ ሲ ከኤ ጋር ብቻ፣ ዲ እና ኢ አይራቡ። ራጁን ያነሣው ሐኪም አይፍረድበት፤ የውሻው ስምና ባለቤት ተሸፍኖ ለሌላ አንባቢ ይላክ። የአመራሩ ውሻ ጥያቄ ግማሹ የሚፈታው በዚች ብቻ ነው።

ሌላው የቡችላ አመጋገብ ነው። ኮሚቴው የሚበትነው ወረቀት ካለ በመጀመሪያው መስመር «ካልሲየም ሽሮፕና የእንቁላል ቅርፊት አትጨምሩ» ብላችሁ ጻፉ። ገና ስድስት ወር ያልሞላው የትልቅ ዝርያ ቡችላ ትርፍ ካልሲየም ሲሰጠው በሚገባ መጥኖ ስለማይወስድ አጥንቱ ይጣመማል። «አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የሚደረገው ነው አጥንቱን የሚያበላሸው።

ስብሰባው፦
ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምራችሁ 3 ሰዓት ላይ ጨርሱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ በር ላይ ይታይ፣ ቺፑም ይነበብ። ወንድ የምትፈልግ ሴት እቤት ትቅር፤ አንዷ ብትመጣ ቀኑ ሙሉ ያበቃል። የመጨረሻ ክትባቱ ከ16 ሳምንቱ በፊት የተሰጠ ቡችላ አይምጣ፤ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ሦስት ጊዜ ተከትቦም በፓርቮ፣ ቡችላ በሚገድለው የተቅማጥ በሽታ፣ ሊያዝ ይችላል። ማሰሪያው 2 ሜትር ገመድ እንጂ የሚሳበውና የሚጠቀለለው አይደለም። በውሻና በውሻ መካከል ቢያንስ 4 ሜትር። ሁለት ሰዎች ለሰላምታ ሲቃቀፉ ውሾቹ መሐል ይጣበቃሉ፤ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ሰላምታ ውሻ መኪና ውስጥ እያለ ይጠናቀቅ። ጎድጓዳ ሳህን ሁሉም የየራሱን ያምጣ። ተቅማጥ የታየበት ቦታ ካለ ቆሻሻው ተነሥቶ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ ለ10 ደቂቃ። ቆሻሻው ሳይነሣ በረኪና ማፍሰስ በረኪናውን ማባከን ነው። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ያንን ጥግ በሚቀጥለው ጊዜ አትጠቀሙበት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ፤ ውሻው ደግሞ ተለይቶ ለ10 ቀን ይታይ። የኮሚቴ አባል ውሻ ቢሆንም ያው ነው።

የዕድር_ጸሐፊ

ውሻውን ባለሙያዎቹ ነገሯችሁ፤ እኔ ወደ ቃለ ጉባኤው።

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ፣ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ዕድርና ዕቁብ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የውሻ ክለብ ግን «እኛም እንደ ዕድር ነን» ብሎ የሚያልፍበት በር የለም፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ሕጋዊ ሰውነት ሳታገኙ በክለቡ ስም የባንክ ሒሳብ አስቸጋሪ ነው። በሰብሳቢው የግል ሒሳብ መዋጮ መሰብሰብ ደግሞ የጠብ ሁሉ እናት ነው።

ደንቡ ውስጥ እነዚህን አስገቡ። የኮሚቴ አባል የራሱ ውሻ፣ የውሻው ወላጅ፣ ልጅ፣ ወይም ወንድምና እህት ጉዳይ ሲቀርብ ከክፍሉ ይወጣል፤ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። «ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ድምፅ አይስጥ» አይሠራም፤ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማን ነው ውሻቸውን የሚጥለው? አራቱ አርቢዎች በአንድ ጊዜ ቢወጡ ሦስት ሰው ብቻ ስለሚቀር ምልዓተ ጉባኤ አይኖርም። ስለዚህ ከኮሚቴው ውጭ ሦስት ተጠባባቂ መዛኞች በጠቅላላ ጉባኤው ይመረጡ። ወንድ ለማዳቀል የሚከፈለው፣ በገንዘብም ሆነ «የመጀመሪያ ምርጫ ቡችላ» ተብሎ፣ በክለቡ ሒሳብ ውስጥ አይለፍ። ክለቡ የሚቀበለው የአባልነት መዋጮ፣ የምዝገባና የቺፕ ክፍያ ብቻ ነው። ቼክ በሁለት ፊርማ፤ ሁለቱ ፈራሚዎች ቡችላ የሚሻሻጡ አይሁኑ። ቺፖቹ እንደ ገንዘብ ይቆጠሩ፤ ስንት ተገዛ፣ ስንት ተከተበ፣ ስንት ቀረ፣ በየሦስት ወሩ።

በአንድ ነገር ግን «አርቢ ኮሚቴ አይግባ» የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። በነጻ የሚሠራው ሰው የሚሠራው ውሻ ስላለው ነው። አርቢውን ካስወጣችሁ የሚቀረው ለስሙ የመጣ ነው።

ሽቱትጋርት_ማዶ

ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ አርቢ ቢሆኑ ችግር የለብኝም። መዝጋቢው ግን አይሁን። መዝጋቢ ማን ከማን እንደተዳቀለ፣ የማን ራጅ ዲ እንደወጣ ቀድሞ ያውቃል፤ ያ ዕውቀት በገበያ ላይ ገንዘብ ነው። አንድ ውሻ ብቻ ያለው፣ ያውም የተኮላሸ፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ፈልጉ። ውጤቱ ደግሞ ጥሩም ይሁን መጥፎ ለሁሉም አባል በአንድ ቀን ይለጠፍ። ኤ ብቻ እየተለጠፈ ዲ የሚደበቅበት መዝገብ ውሸት ነው።

ገርጂ_ግቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰብሳቢያችን «ውሻዬ 6 ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን አነክሶ አያውቅም፣ ራጅ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ማስተኛውንም ይፈራሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ መጋፋት አንፈልግም።

ቢሾፍቱ_ቬት

መጋፋት አያስፈልግም። ጡንቻው የጠነከረ ውሻ የላላ ዳሌ ይዞ ዓመታት ሳያነክስ ይሮጣል፤ እናቲቱም ዳሌዋ የላላ ከሆነች ግን ልጆቹ በ8 ወራቸው ደረጃ መውጣት ሊያቅታቸው ይችላል። ዳሌ በብዙ ጂኖች ድምር የሚወረስ ስለሆነ የአባትየው አካሄድ ብቻውን አይመሰክርም። ለማስተኛው፦ ልቡ ይደመጥ፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ምግብ አይስጡት፣ ማስተኛው ሜዴቶሚዲን ከሆነ በማንቂያው በአቲፓሜዞል ይመለሳልና በዚያው ቀን ቆሞ ይሄዳል። በ6 ዓመት ራጅ ላይ የእርጅና ለውጥ ተደርቦ ሊታይ ስለሚችል አንባቢው ዕድሜውን ይወቅ።

ካልፈለጉም አይገደዱ፤ ውሻቸው መዝገቡ ውስጥ ይቆይ፣ ከጎኑ «ዳሌው አልታየም» ይባል፣ ቡችላዎቹ ደግሞ አይመዝገቡ። ደንቡ ለሁሉም ከወጣ ለእሳቸው የወጣ አይመስልም።

የዕድር_ጸሐፊ

የስልኩን ነገር ረስቼው ነበር። ለክለቡ አንድ ሲም ካርድ አውጡ፣ ስልኩ በየወሩ ከአንዱ አባል ወደ ሌላው ይዙር። ቡችላ ፈላጊ በደወለበት ቀን ተራ በደብተር ይጻፍ፤ ስም፣ ሰፈር፣ ግቢ አለው የለውም፣ ወንድ ወይስ ሴት። ወሊድ ተጎብኝቶ ሲጸድቅ ከተራው አናት ላይ ላለው ይደወላል። በግል ስልኩ የተደወለለት የኮሚቴ አባል ያንኑ ቁጥር ይሰጣል እንጂ «እኔ ጋ አለ» አይልም። ስልኩን የያዘው ሰው በዚያ ወር የራሱ ቡችላ ካለው ተራውን ለሚቀጥለው ያስተላልፍ።