ከርቀት ሳይንስ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም መምህራን። ፍኖተ ሰላም ሆኜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ኬሚስትሪ በቴሌግራም አስተምራለሁ። ሰሞኑን አሲድና ቤዝ ላይ ነን። ቤተ ሙከራ ስለሌለ ከርከዴ አፍልቼ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አንዱ ላይ ሎሚ ጨመቅሁ፤ ቅላቱ ደመቀ። ሌላው ላይ የጠለለ የአመድ ውኃ ሳፈስበት ወደ አረንጓዴ ሄደ። ቀርጬ ላክሁት። ልጆቹ በጣም ወደዱት!

ችግሩ ማታ ነው። ኔትወርኩ የሚሻለው ያኔ ስለሆነ ጥያቄው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይጎርፋል። ካልመለስሁ የገጠሮቹ ልጆች ወደ ኋላ ይቀሩብኛል። ከመለስሁ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አልተኛም። ራስ ምታቱ አልለቅህ ብሎኛል። የራሴን ልጅ እንኳ ቁጭ ብዬ ካስጠናሁ ሰነበትሁ።

እናንተ የመልስ ሰዓት እንዴት ወሰናችሁ? ለተማሪዎቹስ ሳይከፋቸው እንዴት ነገራችኋቸው?